ሰኔ ሳይገባ፤ ስለ ኤሌክትሮኒክ ግዥ ደኅንነት ለጎንደር ገዥዎችና አቅራቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ገንዘብ መምሪያ፣
በከተማችን ለሚገኙ የፌዴራል፣ የክልልና የከተማ ገዥ መሥሪያ ቤቶች፣
በጨረታ ለሚሳተፉ አቅራቢዎች በሙሉ
ጎንደር

ጉዳዩ፡- በኤሌክትሮኒክ ግዥ ውስጥ በእኛው እጅ ያሉትን ክፍተቶች ስለመዝጋት

ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መግባቱ ለጎንደር ነጋዴ እፎይታ ነው። የፌዴራል ጨረታ ለመወዳደር የታሸገ ፖስታ ይዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ፣ አዲስ አበባ አልጋ ይዞ ማደር፣ ሣጥኑ ሳይታሸግ ለመድረስ መሯሯጥ እየቀረ ነው። የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ከወጣ በኋላ ወደ ወረቀቱ እንመለስ የሚል ቢኖር ጊዜው አልፎበታል። እኛም አንልም።

ስለ ሥርዓቱ ደኅንነት በተነሣ ቁጥር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ማዕከሉ ሰርቨርና ስለ ሃከር ይሆናል። ማዕከሉ የሚጠብቀው ባለሙያ አለው። ጠባቂ ያጣው ከሰርቨሩ እስከ መጋዘናችን ያለው መንገድ ነው፦ ከጠረጴዛ መስታወት ሥር የተቀመጠው የይለፍ ቃል፣ የአቅራቢው ሰነድ የሚጫንበት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በቴሌግራም የሚመጣው የሒሳብ ቁጥር መቀየሪያ ደብዳቤ፣ ዕቃው ሳይገባ የሚቆረጠው ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ)። የመንግሥት ገንዘብ የከጀለ ሰው ሰርቨር ሲሰብር አይደክምም፤ በእነዚህ ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠይቀው አብዛኛው አዲስ በጀት አይፈልግም።

ከሁሉ አስቀድመን የባንክ ሒሳብ ለውጥን እናንሣ፤ ብዙ ገንዘብ በአንድ ፊርማ የሚወጣበት ቀዳዳ እሱ ነውና። አካሄዱ ይህን ይመስላል። ውል ተፈርሟል፣ ዕቃው ገብቷል፣ ክፍያው በሒደት ላይ ነው። በዚህ መሐል የአቅራቢውን አርማ፣ ማኅተምና ቲተር የያዘ ደብዳቤ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይደርሳል፦ «የባንክ ሒሳባችንን ስለቀየርን ቀሪው ክፍያ ከዚህ በታች በተገለጸው ቁጥር ገቢ ይደረግልን።» ላኪው ይህን ለማዘጋጀት ምንም አልሰበረም። የአሸናፊው ስምና የውሉ ዋጋ ለግልጽነት ሲባል ይፋ ይወጣል። ማኅተሙ ደግሞ አቅራቢው በየመሥሪያ ቤቱ ከበተነው ፕሮፎርማ ላይ በስልክ ተነሥቶ፣ ጀርባው ተጠርጎ ይለጠፋል። የኢሜይል አድራሻውም ዓይን ያታልላል፤ በላቲን ፊደል «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ሲጻፉ «ኤም»ን ይመስላሉ፣ ትንሿ «ኤል» ከአኃዙ 1 አትለይም።

በዚህ የሚወድቀው ባልሠለጠነ መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ብቻ አይደለም። አንድ የሊትዌኒያ ዜጋ ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ኳንታ ኮምፒውተር የተባለውን የታይዋን አምራች መስሎ ለጉግልና ለፌስቡክ የክፍያ መጠየቂያ እየላከ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 5 ዓመት ተፈርዶበታል። ሁለቱ ኩባንያዎች የኮምፒውተር ባለሙያ አልጎደላቸውም። ወረቀቱ የተሟላ ስለነበር ብቻ ከፈሉ።

ስለዚህ ሥነ ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን። ደብዳቤው ሲመጣ ፋይል ውስጥ ይግባ እንጂ ምንም አይለውጥ። ደብዳቤውን ያልተቀበለ ሌላ ሠራተኛ፣ በውሉ ወይም በምዝገባው ላይ ባለው የቀድሞ ስልክ ለሥራ አስኪያጁ ይደውል፤ በደብዳቤው ግርጌ ባለው ቁጥር መደወል አጭበርባሪውን ራሱን መጠየቅ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወይም ወኪሉ ዋናውን ደብዳቤና መታወቂያ ይዞ በአካል ይቅረብ፤ ወኪል ከሆነ ውክልናው አለመሻሩ ከሰጠው አካል ይጣራ። የሒሳቡ ባለቤት ስም ከንግድ ፈቃዱ ስም ጋር አንድ መሆኑን ባንኩ ያረጋግጥ፤ ማረጋገጫውም ከቅርንጫፉ በቀጥታ ይምጣ እንጂ በአቅራቢው እጅ አይላክ። ከዚያ አንዱ ቁጥሩን ያስገባል፣ ሌላው ያጸድቃል፣ ለውጡ ሥራ ላይ የሚውለው ከ3 የሥራ ቀን በኋላ ይሆናል። በእነዚያ 3 ቀናት ለቀድሞው ስልክና ለቀድሞው ኢሜይል «ሒሳባችሁ ሊቀየር ነው» የሚል መልእክት ይሂድ። ጉዳዩን የማያውቀው እውነተኛ አቅራቢ የሚጮኸው ያኔ ነው።

ይህ ሁሉ በጥቅምት ያለ ችግር ይሠራል። የሚፈተነው በሰኔ ነው። በጀቱ ሊመለስ ነው እየተባለ፣ ፋይሉ ተቆልሎ፣ አለቃው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚዘለለው ያ የ3 ቀን ቆይታ ነው፤ አጭበርባሪም ይህን ስለሚያውቅ ሰኔን ይመርጣል። የምናቀርበው ሐሳብ ከሰኔ 15 በኋላ የቀረበ የሒሳብ ለውጥ ለዚያ በጀት ዓመት ክፍያ እንዳይሠራ ነው። ክፍያው በቀድሞው ሒሳብ ይውጣ፤ ለውጡ ሐምሌ ላይ ይታይ። የቀድሞው ሒሳብ የተዘጋበት አቅራቢ ካለ ባንኩ በጽሑፍ ያሳውቅና ጉዳዩ በኃላፊው ፊርማ ለብቻው ይወሰን። አቅራቢዎችም ውል ስትፈርሙ «የሒሳብ ቁጥሩ በስልክ፣ በኢሜይልም ሆነ በቴሌግራም በተላከ ደብዳቤ አይለወጥም» የሚል አንቀጽ ይግባልን በሉ። ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው ከሄደ በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ስትካሰሱ ዓመት ይሄዳል።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ ርዝመት ከውስብስብነት ይበልጣል። የማይገናኙ 4 ቃላት ተደርድረው የሚሠሩት፣ ቢያንስ 14 ፊደል ያለው ሐረግ በየ3 ወሩ ከሚቀየር ባለ 8 ፊደል እንቆቅልሽ ይሻላል። በየ3 ወሩ አስገድደን ስናስቀይር ሠራተኛው መጨረሻ ላይ 1፣ 2፣ 3 እየጨመረ ይሄዳል፣ ወይም ጽፎ መስታወቱ ሥር ያደርገዋል። ትልቁ ጥፋት ግን መጋራቱ ነው። አለቃ መስክ ሲወጣ «ፓስወርዴ ይኸው፣ አጽድቅልኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጠያቂውም፣ አዘጋጁም፣ አጽዳቂውም አንድ ሰው ይሆናል። ኦዲተር ሲመጣ መዝገቡ ላይ 3 የተለያዩ ስሞች ያያል፤ እውነቱ ግን አንድ ወንበር ላይ ነው ያለው። ኃላፊ ሲወጣ ውክልናውን ከነመነሻና ማብቂያ ቀኑ በሥርዓቱ ውስጥ ይስጥ፤ ይህን የማይፈቅድ ሥርዓት ካለ ማጽደቁ እስኪመለስ ይቆይ። በፑል የሚተዳደሩ፣ ማለትም የግዥና የሒሳብ ሥራቸው ከሌሎች ጋር በአንድ ላይ የሚሠራላቸው ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች «ሰው የለንም» እንደሚሉ እናውቃለን። እውነት ነው፣ የላቸውም። ቢሆንም አጽዳቂው ከግዥ ክፍል መሆን የለበትም፤ ከፕላን ወይም ከሰው ሀብት አንድ ሰው መመደብ ይቻላል። ዕቃውን የሚረከበው ደግሞ በምንም መንገድ ገዥው ራሱ አይሁን።

የተዛወረ ሠራተኛ የሚተወው አካውንት ሌላው ጣጣ ነው። ሰውየው ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ዓመት ሞላው፤ ስሙ ግን አሁንም ማጽደቅ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ክሊራንስ ቅጹ ላይ ከንብረት ክፍል ፊርማ ጎን «የኤሌክትሮኒክ ግዥ አካውንት የተዘጋበት ቀንና ሰዓት» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ያ መስመር ሳይሞላ መሸኛ አይጻፍ።

ሥርዓቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚቀበል ከሆነ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ከሚመጣው ቁጥር ይልቅ በስልክ መተግበሪያ የሚወጣውን ምረጡ። የጽሑፍ መልእክቱ የሚከተለው ሲም ካርዱን ነው፤ በስምህ ምትክ ሲም ያወጣ ሰው ቁጥሩንም ይቀበላል። መተግበሪያው ባለ 6 አኃዝ ቁጥር በየ30 ሰከንዱ የሚያሰላው በስልኩ ውስጥ ካለ ምስጢርና ከሰዓቱ ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚገጥም እንቅፋት አለ፦ ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። ያን ጊዜ መተግበሪያው የሚሰጠው ቁጥር ሁሉ ስሕተት ነው፤ ድረ ገጹም «የምስክር ወረቀቱ አይታመንም» እያለ ሊያስቸግር ይችላል። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ተዉትና የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ የተለየ መተግበሪያ ገጹ ላይ አስቀምጡ። ስልክ ሲጠፋ የሚያስገቡት የመጠባበቂያ ቁጥሮች ታትመው፣ በፖስታ ታሽገው ካዝና ውስጥ ይቀመጡ።

አቅራቢዎች ሆይ፣ አሁን ወደ እናንተ። ከፒያሳ እስከ ማራኪ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ነውር የለውም፤ ሁሉም ሰው ቢሮ ውስጥ ስካነር የለውም። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ የኢሜይል አካውንታችሁን ያስከፈታችሁት እዚያው ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጁ ነው፣ ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበውም የእሱ ስልክ ነው። ልጁ የታመነ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የማንም ነው። የግዥ ሥርዓቱ የይለፍ ቃል «ረሳሁት» ሲባል መቀየሪያው የሚላከው ወደዚያ ኢሜይል ስለሆነ ኢሜይሉን የያዘ ጨረታችሁን ይዟል። ዛሬውኑ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ የመልሶ ማግኛውን ስልክ በራሳችሁ አድርጉ፣ «ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ።

ዋጋ የሞላችሁበት ፋይል ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳይገባ። ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የሥራ ልምድ ማስረጃ እዚያ ይቃኝ፤ የዋጋ ዝርዝሩን ግን በራሳችሁ ስልክ ወይም ላፕቶፕ፣ በመጨረሻው ቀን ዋዜማ ሙሉት። ያው ፎቶ ኮፒ ቤት ተወዳዳሪያችሁንም ያስተናግዳል፤ «ዳውንሎድስ» ውስጥ የቀረ ፋይል ቀጥሎ ለተቀመጠ ሁሉ ክፍት ነው። ፍላሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ካያችሁ ቫይረስ ነው፤ ያን ፍላሽ ወደ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር አትውሰዱ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታርጌት በተባለው የሱቆች ኩባንያ ላይ ወንበዴዎች ገብተው የ40 ሚሊዮን ያህል የባንክ ካርዶች መረጃ የወሰዱት የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራለት አንድ ተቋራጭ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነበር። ትልቁን ገዥ ለመድረስ ትንሹን አቅራቢ መያዝ የቆየ ዘዴ ነው።

የፋይል መጠን ተራ ነገር ይመስላል፤ ሰዓት ያስመልጣል። 60 ገጽ ሰነድ በቀለምና በኢንች በ600 ነጥብ ጥራት ከተቃኘ 40 ሜጋባይትን በቀላሉ ያልፋል። መስመሩ በሰከንድ 256 ኪሎቢት የሚልክ ከሆነ ይህን ለመጫን 21 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ ነው። ያው ሰነድ በጥቁርና ነጭ፣ በ200 ነጥብ ከተቃኘ ከ6 ሜጋባይት አይበልጥም፤ 3 ደቂቃ ግድም ይበቃዋል። መዝጊያው ሊደርስ 15 ደቂቃ ሲቀር የሚያለቅስ አቅራቢ በጥራት ብዛት ነው የተቀጣው።

መዝጊያ ሰዓት ካልን ገዥዎችም ማስታወቂያ ስታወጡ «4:00 ሰዓት» ብላችሁ አታቁሙ። ጧት 4:00 ሰዓት በሥርዓቱ 10:00 ሆኖ ይታያል፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ መዝገቡ ላይ 7:00 ነው። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ክርክሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። «ጧት 4:00 ሰዓት (በሥርዓቱ ሰዓት 10:00)» ተብሎ ይጻፍ፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይቀመጥ። ቀን መለወጫ ፕሮግራም የምታሠሩ ጳጉሜ 6 በሚውልባቸው ዓመታት ፈትኑት። በ2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረች 2016 የገባው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ በጭፍን የሚቆጥር ፕሮግራም አንድ ቀን ይስታል። በ2019 መጨረሻም ይኸው ይደገማል።

የራሳችሁን የግዥ ፕሮግራም የምታሠሩ ተቋማት፣ የግል ፋብሪካዎችም ጭምር፣ ሠሪውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከመክፈቻው ሰዓት በፊት ዋጋውን ማየት የሚችል ሰው አለ? «የሲስተም አድሚኑ ብቻ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሣጥኑ አልታሸገም። የቀረበው ሰነድ የመክፈቻው ቁልፍ ከኮሚቴው 3 አባላት 2ቱ ሲገኙ ብቻ በሚሠራበት መንገድ መመስጠር አለበት፤ የዚህ ሒሳብ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ አይቻልም የሚል ሠሪ አላነበበም ማለት ነው። 3ቱም ቁልፎች በአንድ መሳቢያ ከተቀመጡ ግን ሒሳቡ ዋጋ የለውም። ጨረታው ሲከፈት የእያንዳንዱ ፋይል የሻ-256 አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት በሒሳብ የሚወጣ መለያ ይውጣ። ይህ አሻራ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትነካ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ ተያይዞ ሁሉም ከፈረመበት «ዋጋው በኋላ ተነክቷል» የሚል ክርክር በ1 ደቂቃ ይዘጋል። ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ሰርትዩቲል የተባለው ትእዛዝ ያወጣዋል፤ የሚገዛ ነገር የለውም።

የተቃኘ ፊርማና ማኅተም ሥዕል እንጂ ዲጂታል ፊርማ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ዲጂታል ፊርማ የሚለው ከሰነዱ ጋር በሒሳብ የተሣሠረና በምስክር ወረቀት የሚረጋገጥ ፊርማን ነው። ውል በተቃኘ ፊርማ የምትለዋወጡ ከሆነ ቢያንስ ዋናው በአካል ይግባ።

የስም ጉዳይም አለ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ 3 ሰው ነው። ጸሐይ በ«ጸ» እና በ«ፀ»፣ ሠራዊት በ«ሠ» እና በ«ሰ» እንዲሁ። ከጨረታ የታገደ ድርጅት አንዲት ፊደል ቀይሮ ቢመለስ ስምን በስም የሚያመሳስል ሥርዓት አያየውም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መልኩ 5 ይሆናል። አቅራቢን መለየት ያለብን ባለ 10 አኃዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በሥራ አስኪያጁ የፋይዳ ቁጥር ነው፤ ስም ለንባብ ብቻ ይሁን። በፓወር ግዕዝ ወይም በሌላ የድሮ ፎንት የተጻፈ ስፔሲፊኬሽንም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ተጫራቹ ያን ለማንበብ ሲል ከማይታወቅ ገጽ ፎንት ያወርዳል፤ ቫይረሱም አብሮ ይወርዳል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ኮድ ጻፉ።

ኮምፒውተር ስትገዙ ስፔሲፊኬሽኑ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም ይዘረዝራል፣ ስለ ሶፍትዌሩ ዝም ይላል። አቅራቢው ዝቅተኛ ዋጋ ለመስጠት ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ዊንዶውስ ይጭናል፤ ክራኩ እንዲሠራ ደግሞ ፀረ ቫይረሱ ይጠፋል። በዚያ ማሽን ላይ ነው ጨረታው የሚጸድቀው። «ሕጋዊ ፈቃድ ያለው፣ አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ የሚለቅለት» የሚል መስመር ይግባ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንዳበቃም አትርሱ። ራውተር ሲገዛ ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል በርክክቡ ዕለት ካልተቀየረ የርክክብ ፊርማ አይፈረም።

መጋዘን ውስጥ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የደኅንነት ጉዳይ ተብሎ አይነሣም፤ እኛ ግን እናነሣዋለን። ክፍያ የሚወጣው 3 ወረቀት ሲገጥም ነው፦ ውሉ፣ ሞዴል 19 እና የአቅራቢው ደረሰኝ። ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ሞዴል 19 ከተቆረጠ ሦስቱ ወረቀት ይገጥማል፣ መደርደሪያው ግን ባዶ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓቱም ያንኑ ውሸት በፍጥነት ያሳልፋል። ሞዴል 19 ቆራጩ መለያ ቁጥሮቹን፣ ለመድኃኒት ደግሞ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ከዕቃው ላይ እያነበበ ይሙላ እንጂ ከደረሰኙ አይገልብጥ።

መለኪያ ሌላው ወጥመድ ነው። የምርመራ ጓንት አንድ ካርቶን ፓኬት 100 ፍሬ፣ ማለትም 50 ጥንድ ይዞ ይመጣል። ጠያቂው ክፍል «500» ብሎ ከጻፈ በኋላ መለኪያው ካልተመረጠ 500 ፓኬት፣ 500 ጥንድ ወይም 500 ፍሬ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት 100 እጥፍ ነው። በዚህ ክፍተት ሳያጠፋ የሚሳሳትም አለ፣ እያወቀ የሚያተርፍም አለ። የመድኃኒት ማብቂያ ቀንም እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ይመዝገብ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተዘጋጀ ሣጥን ውስጥ «2026» ተብሎ ከገባ መድኃኒቱ 7 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ዕድሜ ይጨመርለታል። ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ የሚለው ሕግ ተገልብጦ ያ መድኃኒት ከኋላ ይቀራል፤ ከዚያም ታካሚው ጋ ይደርሳል።

መብራትና ኔትወርክ ደግሞ አለ። በ2015 ክረምት በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ዘልቋል፤ ስለዚህ «ኔትወርክ ከጠፋ ምን እናድርግ» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ወረቀት ላይ ያለ ሥጋት አይደለም። መደበኛው መስመርና የሞባይል ዳታ የተለያዩ መንገዶች ስለሆኑ ገዥው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ይያዝ። መዝጊያው ቀን ላይ ከተቋረጠ ማራዘሚያው ለሁሉም ተጫራች እኩል ይሁን፣ የተቋረጠበት ሰዓት ከመዝገብ ይረጋገጥ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ ይውጣ። «ለእነ እገሌ አራዘሙላቸው» የሚባለው ደንቡ አስቀድሞ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ 3 ይሁን፤ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ ከሕንፃው ውጭ። ከኮምፒውተሩ ጋር ሁልጊዜ የተሰካ ሃርድ ዲስክ መጠባበቂያ አይባልም፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት በአንድ የዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ገብቶ ግዙፉን የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ሲመታ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ተጭኗል። የተጠቃሚዎቹን ማውጫ የያዙት ሰርቨሮች በየአገሩ ሲጠፉ የተረፈው ጋና ያለው ብቻ ነበር፤ እዚያ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ውጭ ስለነበረ። መብራት ኃይል አንዳንዴ ሳያውቀው ውለታ ይሠራል። እኛ ግን ዲስኩን በእጃችን መንቀል እንችላለን፤ ደግሞም በየሩብ ዓመቱ ከቅጂው አንድ ፋይል መልሶ መክፈት ይገባል። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ አይባልም።

በመጨረሻ የመዝገብ ጉዳይ። ማን፣ መቼ፣ ከየት ገብቶ ምን እንዳየ የሚያሳየው መዝገብ ለውስጥ ኦዲተር በማንበብ ብቻ ይከፈት፤ አድሚኑ ራሱ ሊሰርዘው አይቻለው። ኦዲተሩ የሚፈልገው ይኸ ነው፦ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት የገቡ ተፎካካሪ ሰነዶች፣ በሁለት ድርጅት ፋይል ውስጥ አንድ ዓይነት የጸሐፊ ስም፣ በሁሉም ዝርዝር ላይ በቋሚ መቶኛ የሚበላለጡ ዋጋዎች፣ ያው የፊደል ስሕተት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ሁለት ተጫራቾች ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስለገቡ ብቻ ተመሳጥረዋል ማለት አይቻልም። በሞባይል ዳታ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ፤ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤትም የሁለቱንም ሰነድ ሊጭን ይችላል። አድራሻው የጥያቄ መነሻ ይሁን እንጂ የእግድ ማስረጃ አይሁን። ወንጀል የሚመስል ነገር ከተገኘ ኮምፒውተሩ አይጥፋ፣ አይፎርማት፤ ከኔትወርኩ ብቻ ይነቀልና ለፖሊስ ይታወቅ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለሚደረግ ምርመራ ማስረጃው እዚያው ውስጥ ነው፤ «ቫይረስ አለው» ብሎ ፎርማት የሚያደርግ ቅን ሠራተኛ ለሌባው ደክሞለታል።

ከገንዘብ መምሪያው የምንጠብቀው፦ የሒሳብ ለውጥ ሥነ ሥርዓቱ ከግንቦት መጨረሻ በፊት በደብዳቤ ለሁሉም ገዥ መሥሪያ ቤቶች እንዲተላለፍና በር ላይ እንዲለጠፍ፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የአካውንት ዝርዝሩን አውጥቶ የተዛወሩትንና የተጋሩትን እንዲዘጋ፤ አጠራጣሪ ደብዳቤ የደረሰው አቅራቢ ወይም ሠራተኛ የሚደውልለት አንድ ሰው በስሙ እንዲመደብ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር ካልተቻለ ከሒሳብ ለውጡ ይጀመር። ለግዥ፣ ለንብረትና ለኦዲት ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ አዳራሽና ፕሮጀክተር ከእናንተ ይሁን፣ አቅራቢዎችም ይጠሩ።

ከሰላምታ ጋር
በጎንደር ከተማ የምንሠራ የመረጃ ሥርዓት፣ የግዥና የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያዎች

ግልባጭ፡-
ለአማራ ክልል ገንዘብ ቢሮ
ባሕር ዳር
ለፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ